ለሁለት ሰው ብቻ፦ ፋብሪካ የቀበረውን መኪና ማን አቆየው?

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1979 መጀመሪያ ላይ፣ ከኦክስፎርድ አጠገብ የምትገኘው ትንሿ የእንግሊዝ ከተማ አቢንግደን በድግስ ላይ ነበረች። የኤምጂ መኪና ፋብሪካ ወደ ከተማዋ ከገባ 50 ዓመት ሞልቶት ነበርና ሠራተኛው በዓሉን ሲያከብር ሰነበተ። በዓሉ አለፈና ሰኞ ሴፕቴምበር 10 ቀን የፋብሪካው ባለቤት ብሪቲሽ ሌይላንድ መግለጫ አወጣ። አቢንግደን ሊዘጋ ነው። ድግሱ ሳይነሳ መርዶው ደረሰ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኦክቶበር 1980 የመጨረሻዋ ኤምጂቢ ከመገጣጠሚያው መስመር ወጣች። ያን ጊዜ የተቀበረ የመሰለው አንድ ፋብሪካ ብቻ አልነበረም፤ አንድ ዓይነት መኪና ጭምር ነው። ሁለት መቀመጫ ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ሸራ የሆነ፣ ዝቅ ያለች፣ ቀላል፣ ደመወዝተኛ ሰው አጠራቅሞ ሊደርስባት የሚችል የስፖርት መኪና። ባለጠጋው ፌራሪውንና ፖርሼውን አላጣም። የጠፋው የመካከለኛው ሰው ቅንጦት ነው።

ይሁንና ከአሥር ዓመት በኋላ ይህች መኪና ተመልሳ መጣች፤ የመጣችውም ከእንግሊዝ ሳይሆን ከሂሮሺማ ነው። ስለ መመለሷ ሲወራ የሚጠሩት መሐንዲሶችና የኩባንያ ኃላፊዎች ናቸው። እነሱ ድርሻ የላቸውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን በመካከል ባሉት ባዶ ዓመታት ነገሩን ሳይሞት ያቆየው ሌላ ሰው ነው። ያገለገለችውን መኪና ከሦስተኛ ወይም ከአራተኛ እጅ ገዝቶ፣ እሑድ እሑድ ከሥሯ ተጋድሞ ሲፈታና ሲያስር የኖረው ባለቤት።

*

ታሪኩ የሚጀምረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ነው። ብሪታኒያ ጦርነቱን አሸንፋ ካዝናዋ ባዶ ቀርቶ ነበር። መንግሥት ዶላር ፈለገ፤ ብረት የሚታደለውም በቅድሚያ ምርቱን ወደ ውጭ ለሚልክ ፋብሪካ ሆነ። አቢንግደን በ1945 መጨረሻ ኤምጂ ቲሲ የምትባል ሞዴል አወጣ። ሞተሯ 1,250 ሲሲ ነው፤ ጉልበቷ 54 የፈረስ ጉልበት ብቻ። ቅርጿ ከጦርነቱ በፊት የነበረው፣ ጎማዎቿ እንደ ብስክሌት ባለ ሽቦ። መሪዋ በቀኝ ብቻ ስለሚሠራ አሜሪካ ስትገባም በቀኝ እንደሆነ ገባች።

አሜሪካ የገቡት ብዙ አይደሉም፤ በጠቅላላው ከተሠሩት 10,000 ገደማ ቲሲዎች ወደ 2,000 የሚሆኑት ናቸው። ግን በጦርነቱ ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ የሰነበቱት የአሜሪካ ወታደሮች እንዲህ ያሉ መኪናዎችን ቀድመው አይተው ነበር። አገራቸው ውስጥ መኪና ማለት ሰፊ፣ ከባድ፣ እንደ ሶፋ የሚያወዛውዝ ነገር ነው። ይህች ግን ድንጋዩን ሁሉ ለተቀማጩ ታሳውቃለች። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የምትሄደው በ100 የምትሄድ ይመስላል። ደስታዋ እዚያ ላይ ነበር፤ ሰው ሕግ ሳይጥስና አንገቱን ሳይሰብር ፈጣን ነኝ ብሎ ማመን ይችላል።

ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተ። በ1955 ኤምጂኤ መጣች፤ ከ100,000 በላይ ተሠራች፤ አብዛኞቹም ባሕር ተሻገሩ። በ1962 ኤምጂቢ ተከተለች፤ በ18 ዓመት ዕድሜዋ ከ500,000 በላይ ወጣች። ትራየምፍ፣ ኦስቲን ሂሊ፣ ከጣሊያን ደግሞ ፊያትና አልፋ ሮሜዮ ገበያውን ተጋሩ።

የእነዚህ መኪናዎች ትክክለኛ ሕይወት የጀመረው ግን አዲስነታቸው ሲያልቅ ነው። መጀመሪያ የገዛው ሰው አገባ፣ ወለደ። ሁለት መቀመጫ ያላት መኪና ሦስተኛ ሰው ሲመጣ ትሸጣለች፤ ይህ እስከ ዛሬ ያልተለወጠ ሕግ ነው። ስለዚህ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ዓመት ወደ ወጣት ሠራተኛ፣ በአሥረኛው ወደ ተማሪ ትወርዳለች። ተማሪው ለጋራዥ የሚከፍለው የለውም፤ መጽሐፍ ገዝቶ ራሱ ይማራል። ሁለቱን ካርቡሬተሮች አንድ ላይ ማስተካከል፣ ጆሮን ቱቦ ላይ ለጥፎ የአየሩን ድምፅ ማመሳሰል፣ ዝናብ ሲዘንብ የሚጠፋውን መብራት ከሽቦ ሽቦ መፈለግ። የኤሌክትሪክ ዕቃው ሠሪ በባለቤቶቹ ዘንድ «የጨለማው ልዑል» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። እየሳቁ ያማርራሉ፣ እያማረሩ አይሸጧትም።

ይህ ግንኙነት ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። ቮልስ ይዞ ሠላሳ ዓመት የኖረ፣ ሶማሌ ተራ ሄዶ የማይገኝ የሚባል መለዋወጫ አስፈልጎ ያስገኘ፣ የሞተሩን ሳል ከሩቅ የሚለይ ሰው በየሰፈሩ አለ። ልዩነቱ አንድ ነው። ቮልሱ ቤተሰብ ያመላልሳል፣ ጤፍ ይጭናል። ኤምጂቢ ግን ምንም አትጠቅምም። ሰው ለማይጠቅመው ነገር እንዲህ ሲለፋ ማየት መጀመሪያ ያስቃል፤ ቆየት ብሎ ግን ያሳስባል። የሚጠቅመንን ነገር የምንጠግነው ተገደን ነው፤ የማይጠቅመንን የምንጠግነው ግን ወደን ብቻ ነው።

*

ታዲያ ገበያ እያላት ለምን ሞተች? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «የአሜሪካ ሕግ ገደላት» የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው።

በ1965 ራልፍ ናደር ስለ አሜሪካ መኪናዎች አደገኛነት የታወቀ መጽሐፉን አሳተመ። በ1966 ኮንግረስ የመኪና ደኅንነት ሕግ አወጣ። ሕጉን ከልክ ያለፈ ነው ብሎ የሚያጣጥል ሰው አንድ ቁጥር ማስታወስ አለበት፤ በ1972 በአሜሪካ መንገዶች ከ54,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ በአንድ ዓመት ብቻ። እንዲህ ያለ እልቂት ፊት ዝም የሚል መንግሥት መንግሥት አይባልም።

ከታሰቡት መመሪያዎች አንዱ መኪና ሲገለበጥ ተሳፋሪውን የሚጠብቅ መዋቅር የሚጠይቅ ነበር። ሸራ ጣሪያ ይህን ሊያሟላ አይችልም። ክራይስለርና ሌሎች ኩባንያዎች ጉዳዩን ፍርድ ቤት አደረሱት፤ በ1972 ስድስተኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት መመሪያው ጣሪያቸው የሚከፈት መኪናዎችን ከገበያ ማስወጣት እንደማይገባው ወሰነ። ያ ፈጽሞ የተከለከለች የምትባለው መኪና እንግዲህ አልተከለከለችም። ኩባንያዎቹ ግን ቀድመው ፈርተው ዕቅዳቸውን ቀይረው ነበር። ትራየምፍ በ1975 ያወጣትን ቲአር7 ጣሪያዋን በብረት ዘጋት፤ የምትከፈተው ሞዴል የመጣችው ዘግይታ በ1979 ነው። ካዲላክ በ1976 ኤልዶራዶን «የመጨረሻዋ አሜሪካዊት ተከፋች» ብሎ ሸጠ። ሰዉም ነገ ዋጋ ታወጣለች ብሎ ገዝቶ ጋራዥ ውስጥ ሸፍኖ አስቀመጠ። በ1984 ካዲላክ ያንኑ ዓይነት መኪና እንደገና መሥራት ሲጀምር ተታለልን ያሉ ገዢዎች ፍርድ ቤት ሄዱ። መኪናን እንደ ወርቅ ቆልፎ የሚያስቀምጥ ሰው አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል።

በኤምጂቢ ላይ የደረሰው ከዚህ የባሰ ነው። ስለ ግጭትና ስለ ፊት መብራት ከፍታ የወጡትን ደንቦች ለማሟላት ከ1974 መጨረሻ ጀምሮ የሚያብረቀርቀው ባምፐሯ በወፍራም ጥቁር ጎማ ተተካ፤ ከመሬትም ከፍ ተደረገች። የጭስ መቆጣጠሪያው ደግሞ ጉልበቷን ቀነሰው። ዝቅ ብላ መሬት የያዘችው መኪና እግሯን አንስታ መጠምዘዣ ላይ ማዘንበል ጀመረች።

ግን ይህ ሁሉ የሕጉ ጥፋት ነውን? ጃፓኖችም ጀርመኖችም ያንኑ ሕግ ተቀብለው አዳዲስ መኪና ሠሩ። ብሪቲሽ ሌይላንድ ግን በ1962 የተነደፈውን አካል በ1980ም ይሸጥ ነበር፤ የኋላ እግሯ እንደ ጭነት መኪና ባለ ባሌስትራ ነው። ኩባንያው በ1975 ከስሮ በመንግሥት እጅ ገብቷል፤ አድማው፣ የአስተዳደሩ ሽኩቻ፣ የራሱ ሞዴሎች እርስ በርስ መሻማት ተደራርበውበታል። በመጨረሻም የፓውንድ ምንዛሪ ወደ ላይ ወጣና አሜሪካ የምትሸጠው እያንዳንዷ መኪና ኪሳራ ሆነች። ሕጉ በሽተኛውን ገፋው እንጂ በሽታው ቀድሞ ቤቱ ነበረ።

የመኪናዋ ባለቤቶች ግን ፋብሪካው ተዘጋ ብለው አልተበተኑም። ክበቦቻቸው ሰፉ። መለዋወጫ የሚያመርቱ ትናንሽ ድርጅቶች በረከቱ። በ1988 ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት የተጣሉትን የመጀመሪያዎቹን የማተሚያ መሣሪያዎች አሰባስቦ የኤምጂቢን ሙሉ አካል እንደ አዲስ ማምረት ጀመረ። ፋብሪካዋ ከተዘጋ ስምንት ዓመት ለሆነው መኪና አዲስ ላሜራ! ይህን ያስቻለው ለአዲሷ መኪና የሚሰለፍ ገዢ አይደለም፤ አሮጌዋ እንዳትሞትበት የሚፈልግ ባለቤት ነው። ከዚህ የሚበልጥ የገበያ ጥናት አይገኝም ነበር፤ አንብቦ የተጠቀመበት ግን ሌላ አገር ነው።

*

ማዝዳ በ1920 በሂሮሺማ የተመሠረተው ቡሽ የሚያመርት ኩባንያ ሆኖ ነው። በ1931 ባለ ሦስት እግር ጭነት መኪና ወደ መሥራት ገባ። ኦገስት 6 ቀን 1945 አቶሚክ ቦምቡ ሲወርድ ፋብሪካው ከመሐል ከተማው ወጣ ብሎ፣ ሂጂያማ በሚባለው ኮረብታ ተከልሎ ስለነበር ሳይፈርስ ቀረ። ከተማው ጠፍቶ የመንግሥት ቢሮዎች በፋብሪካው ቅጥር ውስጥ ተጠልለው ሠሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ባለ ሦስት እግሩ መኪና እንደገና መመረት ጀመረ።

ከዚያ ትውልድ አንዱ ኬኒቺ ያማሞቶ ናቸው። በቦምቡ እኅታቸውን ያጡት እኚህ መሐንዲስ ከጦርነቱ በኋላ ማዝዳ የገቡት የማርሽ ሳጥን ገጣጣሚ ሆነው ነው። ኋላ የሮታሪ ሞተርን ያሳካውን ቡድን መሩ። በ1973 የነዳጅ ቀውስ መጥቶ ሮታሪው ነዳጅ ይጠጣል ሲባል ኩባንያው ለመውደቅ ተንገዳገደ፤ ባንክ ገባበት፣ በ1979 ፎርድ ሩብ ያህል ድርሻውን ገዛ።

በዚያው ዓመት ቦብ ሆል የሚባል ጃፓንኛ የሚናገር አሜሪካዊ የመኪና ጋዜጠኛ ያማሞቶን አግኝቶ ተጨዋወተ። ምን ዓይነት መኪና ብንሠራ ይሻላል ተብሎ ሲጠየቅ፣ እንደ ድሮዎቹ የእንግሊዝ መኪናዎች ቀላል፣ ርካሽ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት ባለ ሁለት መቀመጫ ሥሩ አለ። ሆል ኋላ ራሱ በካሊፎርኒያ የማዝዳ ሠራተኛ ሆነ። በ1983 ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ በቶኪዮ አንዱ በካሊፎርኒያ፣ ለአንድ ሐሳብ ተወዳደሩ። ቶኪዮ ዘመናዊውን መንገድ፣ ማለት ሞተሩን ከፊት አድርጎ የፊት ጎማ ማስነዳትን ወይም ሞተሩን መሐል ማድረግን አቀረበ። ካሊፎርኒያዎቹ አሮጌውን ያዙ፦ ሞተር ከፊት፣ የሚነዳው የኋላ ጎማ። ያሸነፈው አሮጌው ነው። የመጀመሪያዋ የምትነዳ ናሙና የተሠራችውም በእንግሊዝ አገር ዎርዚንግ ከተማ ባለ ድርጅት ነበር፤ ታሪክ አንዳንዴ ቀልድ ያውቃል።

ሥራውን የመሩት ቶሺሂኮ ሂራይ ለመሐንዲሶቹ አንድ መመሪያ ሰጡ፤ «ጂንባ ኢታይ»። ፈረሱና ፈረሰኛው አንድ አካል ሲሆኑ ማለት ነው። ይህን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ አሉላን አባ ነጋ ያለ ሕዝብ ሰውዬውን በፈረሱ ስም ሲጠራ ኖሯል። ጃፓኖቹ ሐሳቡን ወደ ኪሎና ሚሊ ሜትር ቀየሩት። መኪናዋ ከ1,000 ኪሎ በታች ትሁን፤ ክብደቷ ከፊትና ከኋላ እኩል ይከፈል፤ የማርሹ ዘንግ አጭር ይሁንና በእጅ አንጓ ብቻ ይቀያየር።

በፌብሩዋሪ 1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ኤምኤክስ-5 ሚያታ ታየች። ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቷ 116፣ መነሻ ዋጋዋ 13,800 ዶላር። የዚያን ጊዜ አሜሪካውያን ከተጻፈው ዋጋ በላይ በሺዎች ጨምረው ወሰዷት። ሌሎች ኩባንያዎችም ነቁ፤ ቢኤምደብሊው፣ መርሴዲስ፣ ፖርሼ፣ ፊያት በ1990ዎቹ አጋማሽ የየራሳቸውን ይዘው መጡ። ኤምጂ እንኳ በ1995 ከሞት ተነሳ። በ2000 የጊነስ መዝገብ ማዝዳን በዓለም ብዙ የተሸጠች ባለ ሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና አላት፤ በኤፕሪል 2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ሂሮሺማ ውስጥ ተሠራች።

*

አሁን እነዚያ የ1990ዎቹ መኪናዎች ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በጀርመን፣ በጃፓን በአራተኛ በአምስተኛ እጅ ላይ ናቸው። ታዲያ እንዲህ ካለች መኪና ጋር መኖር ምን ይመስላል?

መጀመሪያ ውኃ። ሸራው ላይ የወረደው ዝናብ ከመቀመጫው ኋላ ባሉ ሁለት ቀዳዳዎች በኩል በቱቦ ወደ ታች ይፈሳል። ቀዳዳዎቹ በቅጠልና በአቧራ ሲደፈኑ ውኃው ወደ ጎን አካሉ ይገባል፤ ላሜራው ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል። ከውጭ ስትታይ ቀለሟ የሚያበራ መኪና ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ባለው ታችኛው ጠርዝ በጣት ሲጫኗት ትሰነጠቃለች። ልምድ ያለው ገዢ ሞተሩን ከመስማቱ በፊት ተንበርክኮ እዚያ ቦታ ያያል። ሞተር ይቀየራል፤ የዛገ አካል ግን ገንዘብ ይበላል።

ሁለተኛ ጣሪያው። የኋላ መስኮቱ ፕላስቲክ ነው። ጣሪያው ከመታጠፉ በፊት ዚፑ ተፈትቶ መስኮቱ ለብቻው መተኛት አለበት፤ ቸኩሎ የሚያጥፍ ሰው፣ በተለይ በብርድ ቀን፣ መስኮቱን ይሰነጥቃል። ሌባ ደግሞ አለ። ሬዲዮ ለመስረቅ ሸራውን በምላጭ የሚቀድ ሌባ ጉዳቱ ከሬዲዮው ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ብዙ ባለቤቶች በሩን ሳይቆልፉ ይተዋሉ፤ ውስጡም ምንም አያስቀምጡም። ንብረትን ለመጠበቅ ብሎ በርን መክፈት! ይህን ከዚህች መኪና ባለቤት ሌላ የሚያስብ ያለ አይመስልም።

ሦስተኛ ሞተሩ፤ እዚህ ላይ ዜናው ደስ የሚል ነው። ያ የ1.6 ሊትር ሞተር በጣም ታጋሽ ነው። የታይሚንግ ቤልቱ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ መቀየር አለበት፤ ቢበጠስ እንኳ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር አይጋጩም፤ መኪናዋ ትቆማለች እንጂ አትሰበርም። ከኋላ በኩል ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሳንቲም ዋጋ ያላት የጎማ ቀለበት ነው። ጠዋት የምታሰማው ኳኳታ ከቫልቭ ማንሻዎቹ ነው፤ ዘይቱ ሲሞቅ ይጠፋል። የራዲያተሩ ፕላስቲክ ራስ ከጥቁር ወደ ቡናማ መቀየር ሲጀምር ሊፈነዳ ነውና ይቀየራል። በእርግጥ ከባድ በሽታም አለ፦ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞተሮች የክራንክሻፍታቸው አፍንጫ አጭር ስለሆነ የፑሊው ማሰሪያ ከላላ ዘንጉ ይበላል፤ ያን ጊዜ ጥገናው ውድ ነው። ይህን የማያውቅ ሻጭ የለም፤ የማይናገር ሻጭ ግን ሞልቷል።

አራተኛ ኑሮው ራሱ። የኋላ ሻንጣው ውስጥ ትርፍ ጎማና ባትሪ አለ፤ ከዚያ የተረፈው ቦታ የአንድ ሳምንት አስቤዛ አይችልም። ረጅም ሰው ጉልበቱ ከመሪው ጋር ይጣላል። አውራ ጎዳና ላይ ሁለት ሰዎች ለመነጋገር ይጮኻሉ። ዛሬ መንገዱን የሞላው ከፍ ያለ መኪና ነው፤ የአንዳንዱ መስታወት ከዚህች መኪና ራስ በላይ ነው፤ ነጂው አያያትም። ብዙ ባለቤቶች ከመቀመጫው ኋላ የብረት ቅስት ያስገጥማሉ። የ1972ቱ ክርክር አልሞተም ማለት ነው፤ ፍርድ ቤቱ ነፃ ያወጣትን መኪና ባለቤቷ በገዛ ገንዘቡ ያንኑ ብረት ይገጥምላታል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አመሻሹ ላይ ጣሪያው ይከፈታል። ክንድ ወደ ኋላ፣ ሁለት ማያያዣ፣ በቃ። የተቆረጠ ሣር፣ የዳቦ ቤት፣ የዝናብ ሽታ መጀመሪያ የሚደርሰው እዚያ ውስጥ ላሉት ሁለት ሰዎች ነው። ፍጥነቷ ከአንድ ዘመናዊ የቤተሰብ መኪና ያነሰ መሆኑን የሚያስታውስ የለም።

*

እነዚህ መኪናዎች ኢትዮጵያ የሚገቡበት በር የለም ማለት ይቻላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ መኪናዎች እንዳይገቡ ተወሰነ። የነዳጅ ወጪውን ላየ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም። የሠላሳ ዓመት የስፖርት መኪና ማስገባት የማንም አጀንዳ አይደለም፤ መሆንም የለበትም። ግን ከዚህች ትንሽ መኪና ታሪክ የሚነሳ ጥያቄ አዲስ አበባንም ይመለከታል። ዛሬ በብዛት የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ሦስተኛው ባለቤት ማን ነው? ዛሬ የገዛው ሳይሆን፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ በትንሽ ገንዘብ ሊገዛት የሚችለው ወጣት መካኒክ? ባትሪው ሲደክም የሚከፍተው አለ? የኮምፒውተሩን ቋንቋ ፋብሪካው ይሰጠዋል ወይስ ይቆልፍበታል?

ኤምጂ የሚለው ስም ዛሬ የቻይናው ኤስኤአይሲ ነው። በ2023 ሳይበርስተር የምትባል ባለ ሁለት መቀመጫ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት የኤሌክትሪክ መኪና አሳየ። ውብ ናት፤ ፍጥነቷም የድሮዎቹን በብዙ እጥፍ ያስንቃል። ክብደቷ ግን ወደ ሁለት ቶን ይጠጋል፤ የመጀመሪያዋን ሚያታ ሁለት ጊዜ ያህል ማለት ነው። በእሑድ ቀን ከሥሯ ተጋድሞ በመፍቻ የሚጠግናት ሰው መኖሩን ጊዜ ያሳያል።

ማዝዳ በበኩሉ በ2017 ጃፓን ውስጥ ያልተለመደ ነገር ጀመረ። የመጀመሪያውን ትውልድ መኪና ባለቤቶች ጠርቶ አሮጌ መኪናቸውን ሂሮሺማ ድረስ ተቀብሎ ማደስ ያዘ። ያ ዘመን ያለፈበት ሸራ ጣሪያ፣ የእንጨት መሪው፣ የድሮው ልክ ጎማ ሳይቀር እንደገና ተመረተ። በ2018 የመጀመሪያዋ የታደሰች መኪና ለባለቤቷ ተመለሰች። ኩባንያ ብዙውን ጊዜ ደንበኛው አሮጌውን ጥሎ አዲስ እንዲገዛ ነው የሚመኘው፤ ይህ ግን የራሱ አሮጌ ዕቃ ከአዲሱ ጋር እንዲሻማ ፈቀደ።

ያ አገልግሎት ለጥቂቶች ነው፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። የቀሩት ባለቤቶች ያው የድሮ ሥራቸው ላይ ናቸው። የዝናቡ ወራት ሲቃረብ ጣሪያውን ግማሽ ያነሱታል፤ ከመቀመጫው ኋላ ጎንበስ ብለው ጫፉ የተጠቀለለ ለስላሳ ሽቦ ወደ ቀዳዳው ይልካሉ፤ ከዚያ ግማሽ ጆግ ውኃ ቀስ ብለው ያፈሳሉ። ጎማው ሥር መሬት ላይ መፍሰስ ሲጀምር ወደ ሌላኛው ጎን ይዞራሉ።